የሰንበት ሱባኤ ለጌይ አይሁድ ወንዶች፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ነጭ ጋቢ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ምክር ቸግሮኝ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ጎንደር ተወለድኩ። በ10 ዓመቴ ከቤተሰቤ ጋር እስራኤል ገባን። ኒው ዮርክ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጌይ ነኝ። ይህን ነገር በዕብራይስጥ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። በእንግሊዝኛም አይከብደኝም። በእናቴ ቋንቋ ስጽፈው ግን ይኸው ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው።

የሥራ ጓደኛዬ ለጌይ አይሁድ ወንዶች በሚዘጋጅ የቅዳሜና እሑድ ጉባኤ ላይ እንድገኝ ጋብዞኛል። እነሱ ሪትሪት ይሉታል። እኔ ሱባኤ ማለት ይቀለኛል፤ ከከተማ ርቆ ለጸሎት መቀመጥ ስለሆነ። ቦታው ከኒው ዮርክ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነው። ጫካ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። ዓርብ ከሰዓት ተገብቶ እሑድ ከምሳ በኋላ ይወጣል። ሃምሳ ሰው ያህል ይመጣል ተብሏል። ክፍያው እንደየአቅም ስለሆነ እሱ አላስጨነቀኝም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ከሃምሳው ሰው መሃል ሐበሻ እኔ ብቻ እንደምሆን አውቃለሁ። ሁለተኛው ይብሳል። ፕሮግራሙ ላይ «ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሚቅቬ በሐይቁ» ይላል። ሚቅቬ ለማታውቁት፣ ለመንጻት መላ ሰውነትን ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ነው።

እኔ ሚቅቬ የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እስራኤል በገባን በዓመቱ፣ የጊዩር (በሥርዓት ወደ አይሁድነት የመግቢያ) ትምህርታችንን ስንጨርስ። አስቀድሞ ለግርዘት ምልክት የደም ጠብታ ተወሰደ። ከዚያ ሦስት ረቢዎች ከላይ ቆመው እያዩኝ ራቁቴን ገባሁ። ውሃው ሙቅ ነበር፣ ጥርሴ ግን ይንቀጫቀጭ ነበር። አባቴ ከእኔ ቀጥሎ ገባ። አባቴ ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንደር ሳለን «ፈላሻ» ተብለን ተሰደብን። ኢየሩሳሌም ስንደርስ ደግሞ አይሁድ እንድትሆኑ ውሃ ግቡ ተባልን።

አሁን እንደገና ሰው እያየኝ ውሃ ልግባ? የሄደ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። አታባብሉኝ።

አወያይ

ክሩ ክፍት ነው። የሰው ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የሰፈር ስም አትጻፉ። የማንም ፎቶ አይለጠፍ። ይህን ከሚያነቡት ውስጥ ለሕይወታቸው የሚሰጉ አሉ። በሐሳብ መለያየት ይቻላል። የተሳደበ ይወጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍከው።

እኔ አይሁድ አይደለሁም። በተዋሕዶ ነው ያደግኩት። ባለቤቴ ግን አይሁድ ነው፤ ከእሱ ጋር እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ስለ ሐይቁ የማውቀውን ልንገርህ። ማንም አያስገድድም። ራቁታቸውን የገቡ ነበሩ፣ የዋና ልብስ ለብሰው የገቡም ነበሩ፣ ዳር ላይ ቆመው የዘመሩ ብቻም ነበሩ። እኔ ዳር ከቆሙት ነኝ። ማንም ለምን አላለኝም። ቆሞ የሚፈርድ ዳኛ የለም፤ የሚያሳልፍህ፣ የሚጥልህ የለም። ይህን አስቀድመህ ብታውቀው ጥሩ ነው።

ሌላው፣ ነገሩ ትናንት የተጀመረ እንዳይመስልህ። ባለቤቴ በዕድሜ ይበልጠኛልና ታሪኩን ከእሱ ሰምቻለሁ። የጌይና የሌዝቢያን አይሁድ የመጀመሪያው ምኩራብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሠረተ። ቤት ኻይም ኻዳሺም ይባላል፣ የአዲስ ሕይወት ቤት ማለት ነው። አንተ ባለህበት ኒው ዮርክ በዓመቱ ቤት ሲምኻት ቶራ ተከተለ። ዛሬም አለ። ከተማ ውስጥ ምኩራብ ቢኖርም ሰው ሰንበትን ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ አብሮ ማሳለፍ ፈለገ። የዓርብ ጸሎት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ፣ ብዙው ወደ ባዶ ቤት። በ2004 የተመሠረተው ነሂሪም የሚባል ድርጅት ለዓመታት እንዲህ ያሉ ጉባኤዎችን አዘጋጅቷል። ኤሸል ደግሞ በኦርቶዶክስ አይሁድ ቤት ላደጉት ነው። ስሙ አብርሃም በቤርሳቤህ ከተከለው ዛፍ የመጣ ነው። እንግዳ የሚያርፍበት ጥላ እንደ ማለት።

በሌላው ስጋትህ አልዋሽህም። ጥቁር ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ይጠይቅሃል። ተዘጋጅ።

ኦሪት ጠባቂ

ልጄ፣ ስድብ አይደለም የምጽፈው። በዕድሜ አባትህ እሆናለሁ።

ኦሪት ዘሌዋውያን 18፥22 ግልጽ ነው። ከወንድ ጋር እንደ ሴት አትተኛ ይላል። አባቶቻችን ይህችን ኦሪት ይዘው ሰሜንና ወገራ ላይ መከራ አዩ። መሬት አትይዙም ተባሉ። በቡዳነት ተጠረጠሩ። ሃይማኖታችሁን ለውጡ ሲባሉ እምቢ አሉ። ይህን ሁሉ የቻሉት ትእዛዙን እንዳለ ለማቆየት ነው። አሁን አንተ በሰንበት ስም ትእዛዙን ወደሚያፈርስ ስብሰባ ልሂድ ወይ ትላለህ። ብቻህን ከአምላክህ ጋር ብትታገል ይገባኛል። ትግሉን ግን ጉባኤ አድርጎ ማክበር አይገባኝም። ወላጆችህንም አስብ።

የአምቦበር ልጅ

ነጭ ጋቢ፣ እኔ ሄጃለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ አሁን በየዓመቱ እሄዳለሁ። ረዘም አድርጌ ልጽፍልህ ነው፣ ታገሠኝ።

አምቦበር አጠገብ ተወለድኩ። እስራኤል የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ በዘመቻ ሰሎሞን፤ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ የወጣበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከመንደሩ የማስታውሰው ጥቂት ነው። አንዱ ግን ዓርብ ነው። ከመንደራችን በታች ወንዝ አለ። ቤተ እስራኤል ሁልጊዜ ውሃ ዳር የሚሰፍሩት ለከንቱ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ሥራ ይቆማል። ዳቦው ተጋግሯል። ወንዶቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ አያቴ እጄን ይዞ ያወርደኛል። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አያቴ መጀመሪያ ራሱን ያጠልቃል፣ ከዚያ እኔን። ነጭ ልብሳችንን ለብሰን ዳገቱን ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ከዚያ ወዲያ እሳት አይነካም፣ ውሃ አይቀዳም። ሻማ ማብራት እንኳ የተማርነው እስራኤል ገብተን ነው።

አንተ የገባህበት ውሃ ሌላ ነው። ንዴትህ ንዴቴ ነው። ከእኔ በፊት የመጡትም ያንኑ ተጠይቀዋል። በ1985 የእኛ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። አይሁድ ነን፣ ለምን እንደገና ውሃ ግቡ ትሉናላችሁ ነው ያሉት። ስለዚህ ሚቅቬ የሚለውን ቃል ስሰማ እኔም ሆዴ ይቋጠር ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት አልገባሁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፎ ሲገባ አየሁ። ሦስቴ ጠለቀ። ሲወጣ ፎጣ ይዘው ጠበቁት። አንድም ዓይን ሌላውን አይመዝንም ነበር። ይህን እንድታምነኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የእኔም ፍርሃት እሱ ነበር። ወንዶች ባሉበት ቦታ ሁሉ ስመዘን ነው የኖርኩት። በወታደር ቤት፣ በጂም፣ በሞባይል መተግበሪያው ላይ። እዚያ ሐይቅ ላይ ሰው ለጸሎት እንጂ ለመታየት አልገባም።

በሁለተኛው ዓመት ገባሁ። ውሃው ቀዘቀዘኝ። በቃ፣ የአያቴ ወንዝ ነበር። ሌላ ምን ልበልህ።

ክፉውንም ልንገርህ። መጀመሪያ ዓመት እራት ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «እንዴት አይሁድ ሆንክ?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀው፤ እሱን ግን ለማንም ሌላ አልጠየቀም። ዜማዎቹም በሙሉ የምሥራቅ አውሮፓ ናቸው። ሁሉም በቃሉ ሲዘምር እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ ለአዘጋጆቹ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። አሁን የእራቱን ዳቦ እኔ በግዕዝ እባርካለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዓርብ ማታ ለኻ ዶዲ ይዘመራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሽሎሞ አልካቤጽ በገሊላዋ ከተማ በጽፋት የደረሰው ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥኩ። የእኛ መጽሐፍ ትእዛዘ ሰንበትም እኮ ሰንበትን እንደ ሴት፣ እንደ ንግሥት አድርጎ ነው የሚያወራው። የጽፋት ሰዎች የእኛን ቄሶች አያውቁም፣ የእኛም እነሱን። ሁለቱም ግን በር ላይ ቆመው አንዲቷን ሙሽራ ጠበቁ። ሃምሳ ወንድ አብሮኝ ወደ በሩ ሲዞር እኔ ያሰብኩት ይህን ነበር።

ኦሪት ጠባቂ፣ አባቴ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። የአባቶቻችን መከራ የእኔም ነው። ግን ያቺው ኦሪት ከዘሌዋውያን በፊት፣ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሰው ብቻውን መሆኑ መልካም አይደለም ትላለች። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ብቻዬን ታግያለሁ። በትግሉ ውስጥ ጸሎቴን አጣሁ። ያገኘሁት ጉባኤው ውስጥ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ። አይሁድ ራሳቸው በዚህ ጥቅስ አንድ አይደሉም። ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉ፦ ለለውጥ የቀረቡት ሪፎርም፣ መሃል ያሉት ኮንሰርቫቲቭ፣ ሕጉን አጥብቀው የሚይዙት ኦርቶዶክስ አይሁድ። የሪፎርም ረቢዎች ማኅበር በ1990 ጌይና ሌዝቢያን ረቢዎችን ተቀብሏል። የኮንሰርቫቲቮቹ የሕግ ኮሚቴ በ2006 መጨረሻ መንገዱን ሲከፍት ኦሪት በቀጥታ የሚከለክለውን ድርጊት እንደተከለከለ ተወው። ኋላ ረቢዎች የጨመሩትን ክልከላ ግን ስለ ሰው ልጅ ክብር ብሎ አነሣ። ኦርቶዶክሶቹ ክልከላውን ይዘዋል፤ ከእነሱም መሃል ስቲቨን ግሪንበርግ የሚባሉ ረቢ በ1999 ጌይ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ጉባኤው ላይ የሦስቱም ዓይነት ሰው ታገኛለህ። ቅዳሜ መብራት የማይነካውም፣ ጊታር የሚመታውም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ለዚያ የተለያየ የጸሎት ክፍል ያዘጋጃሉ።

ዝምተኛው

ከአዲስ ነኝ። ከዚህ በላይ አልልም። ክርስቲያን ነኝ።

እኛ እርስ በርስ «ዜጋ» እንባባላለን፤ ሌላው እንዳይሰማ። እዚህ ሕጉ እስር አለው፣ ሰፈሩ ደግሞ ከሕጉ ይከፋል። ሰው እንዲህ ሆኖ በአንድ ላይ ሊጸልይ ይችላል የሚለውን ነገር ዛሬ በእናንተ ነው ያነበብኩት። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ውስጤን ግን ከደጅ ትቼ ነው የምገባው። ነጭ ጋቢ፣ እባክህ ሂድ። ስትመለስ ምን ምን እንደነበረ በዝርዝር ጻፍልኝ። ምን እንደበላችሁ ሳይቀር።

የሦስት ልጆች እናት

እኔ ጽሑፍ አልወድም። ልጄ ነው ይህን ገጽ ያሳየኝ። ልጄ እንደ እናንተ ነው። ከነገረኝ አራት ዓመት ሆነ።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። ቡና የምንጣጣ ሴቶች ሰሙና ቀሩ። አሁን ሁለቱ ተመልሰዋል። ልጄ ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ያጫውተኛል። ልጄ ነው።

አንድ ነገር ግን ሌሊት ያስነሣኛል፣ ለእሱም አልነገርኩትም። እኔ ስሞት ልጆቼ አሉ። እሱ ግን ልጅ ሳይወልድ ቢቀር ተዝካሩን ማን ያወጣለታል? ማን ስሙን ይጠራዋል? ይህን የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ረቢም ጠየቅሁ፣ ዝም አለኝ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ።

ነጭ ጋቢ

እናቴ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። ከልቤ ነው የምነግርዎ። ግን ጥያቄዎን ይዤ እሄዳለሁ። አዎ፣ ልሄድ ነው። ዛሬ ተመዘገብኩ።

ጋሼ የአምቦበር፣ በእርስዎ ጽሑፍ ነው የቆረጥኩት። ዝምተኛው፣ የበላነውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ።

የአምቦበር ልጅ

ጋሼ ተባልኩ! ገና 43 ነኝ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ዘንድሮ እኔ በሥራ ምክንያት አልሄድም፣ አዝናለሁ። ወፍራም ሹራብ ያዝ። ሌሊት ይበርዳል። ለእናትህ ዓርብ ጠዋት ደውልላት፣ በኋላ ስልክ ይሰበሰባል።

ነጭ ጋቢ (ከአሥር ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። እሑድ ማታ ገባሁ፤ ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩላት። እዚያ ከሰዓት ነበር፣ ሰንበት ሊገባባት ነው። «ሰንበት የት ትውላለህ?» አለችኝ። «ጸሎት ቤት፣ ከጓደኞች ጋር፣ ገጠር» አልኳት። «ተመስገን» አለች። አልዋሸኋትም። ሁሉንም ግን አልነገርኳትም።

ስንደርስ ስልካችንን ቅርጫት ውስጥ ጣልን። ፎቶ ክልክል ነው። አዘጋጆቹ ምክንያቱን ሲናገሩ፣ ከመሃላችን ቤተሰቡ የማያውቅለት ሰው አለ አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቷል።

ከዚያ ሐይቁ። ጋቢዬን ለብሼ ወረድኩ። እናቴ የሰጠችኝ ነው፣ ስሜንም ከእሱ ነው የወሰድኩት። ዳሩ ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰው ሆነው ነበር የሚገቡት፣ አንዱ ገብቶ ሁለቱ ከዳር «አሜን» ይላሉ። ሦስት የሚለው ቁጥር ብቻ ልቤን መታው። ለአንዱ ነገርኩት፦ በልጅነቴ ሦስት ረቢዎች እያዩኝ ገብቻለሁ፣ ፈተና ነበር አልኩት። ሰውየው ምንም አልመከረኝም። «ታዲያ ዞረን እንቁም?» አለኝ። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጫካው ዞረው ቆሙ።

ገባሁ። ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ አጥንት ይሰብራል። መጀመሪያ ስጠልቅ አባቴ ታየኝ፣ ያን ቀን እንዳየሁት። ሁለተኛ ስጠልቅ ምንም አላሰብኩም። ሦስተኛውን ስወጣ ጮክ ብዬ «ተመስገን» አልኩ፣ በአማርኛ። ምን እንዳልኩ ሳያውቁ፣ ሳይዞሩ፣ «አሜን» አሉ። ከዚያ አንደኛው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጋቢዬን አቀበለኝ።

እስከ እራት ድረስ አልቅሻለሁ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ለዝምተኛው፦ እራት ላይ ኻላ ዳቦ፣ የዶሮ ሾርባ፣ ዓሣ፣ ሰላጣ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች ነበር። ወይን ነበር። ከእራት በኋላ ጠረጴዛ እየተመታ እስከ እኩለ ሌሊት ተዘመረ። የማላውቀው ዜማ ነው፣ ግን ደጋግመው ስለሚሉት በአራተኛው ዙር ትይዘዋለህ። አዎ፣ «እንዴት አይሁድ ሆንክ?» ተብያለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ለአንዱ በትዕግሥት መለስኩ። ለሁለተኛው «አንተስ?» አልኩት። ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቢሆንም ደክሞኛል። ለምን እኔ ብቻ ማስረጃ እንደምጠየቅ ቅዳሜ ከሰዓት በነበረው ውይይት ላይ ተናገርኩ። የተረዳኝም ያልተረዳኝም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኦሪት ሲነበብ አንዱ ጥሪ በዚህ ዓመት እውነቱን ለአንድ ሰው የተናገረ ሁሉ ወደ ኦሪቱ ይውጣ የሚል ነበር። ወጣሁ። እናንተ ናችሁ ያ አንድ ሰው። ስሜን ሲጠይቁኝ እስራኤል ስንገባ የተሰጠኝን የዕብራይስጥ ስም ልነግራቸው አልኩና ተውኩት። አያቴ ባወጣችልኝ ስም ተጠራሁ።

አሁን ለእርስዎ፣ እናቴ።

ጥያቄዎን ይዤ ሄጃለሁ። ከጸሎቱ በኋላ ኢሳይያስ 56ን አጠናን። እዚያ ላይ ጃንደረባው «እነሆ፣ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» አይበል ይላል። ልጅ የሌለው ማለት ነው። እግዚአብሔርም በቤቴና በቅጥሬ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ መታሰቢያና ስም እሰጣቸዋለሁ ይላል። ኢየሩሳሌም ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ፣ ያድ ቫሼም፣ ስሙን ያገኘው ከዚህ ጥቅስ ነው፤ መታሰቢያና ስም። ለስንት ዓመት በደጁ ሳልፍ ቃሉ መጀመሪያ ልጅ ለሌለው ሰው የተነገረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ይህ ግን ጥቅስ ነው። ያየሁትን ልንገርዎ። ለሙታን ካዲሽ ሲደርስ ሐዘንተኞች ይነሣሉ። ወንድ ልጅ ለአባቱ የሚለው ጸሎት ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሣ፣ ከሰባ አምስት አያንስም። ከካዲሹ በፊት ስም እንዲጠሩ ይጋብዛሉ። ሰባት ስም ጠራ። የአባቱ አልነበረም። በ1980ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በኤድስ የሞቱ ጓደኞቹ ናቸው። አንደኛው ፍቅረኛው ነበር። ቤተሰብ የቀበራቸው አሉ፣ ቤተሰብ ሊቀብራቸው ያልመጣም አሉ። ማንኛቸውም ልጅ አልነበራቸውም። ይህ ሰው አርባ ዓመት ያህል ካዲሻቸውን ሲል ኖሯል።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የእርስዎን ጥያቄ ነገርኩት፣ ስምዎን ሳልጠቅስ። ተዝካር ምን እንደሆነ አስረዳሁት፦ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ የሟች ስም ተጠርቶ። ረዥም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የእኔን ማን እንደሚለው ታውቃለህ?» አለኝና ማዶ ያሉትን ወጣቶች አሳየኝ። አራት ናቸው። በየዓመቱ የሰባቱን ስም በቃላቸው ያጠናሉ። ከዚያ ስሞቹን ለእኔም ነገረኝ። ዛሬ ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት

ልጄ ነው ያነበበልኝ። ሲያነብልኝ እሱም አለቀሰ። ጥያቄውን እኔ እንደጠየቅሁት ዛሬ ነው የነገርኩት። አቀፈኝ።

እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ። ለዚያ ሽማግሌ ዕድሜ ይስጥልኝ በለው።

ኦሪት ጠባቂ

ሐሳቤን አልለወጥኩም። ትእዛዙ ትእዛዝ ነው።

ስለ ካዲሹ ያነበብኩትን ግን ለሁለት ቀን ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። ሙታንን ማሰብ ታላቅ ምግባር ነው። ስለ ውሃውም። አባትህ ያን ቀን ማፈር አልነበረበትም። እኔም በዚያ ውሃ ገብቻለሁ። በሰላም ግባ፣ ልጄ።

ዝምተኛው

ሦስቴ አነበብኩት። ዞረን እንቁም የሚለው ላይ ስደርስ አቆማለሁ።

የአምቦበር ልጅ

የሚቀጥለው ዓመት አብረን ነን። አሁን ሁለት ሐበሻ ሊሆን ነው። ዳቦውን ማን ያመጣል? እኔ እስካሁን ከሱቅ ነበር የምገዛው።

ነጭ ጋቢ

እኔ ልሞክር፣ ጋሼ። እናቴ ስትጋግር አይቻለሁ እንጂ አልጋገርኩም።

የሦስት ልጆች እናት

ሐሙስ ማታ አቡካው። እርሾውን አታብዛ፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ይነሣ። ጥቁር አዝሙድ ጨምር፣ ትንሽ ዘይት። ኮባ እዚያ ካጣህ የሙዝ ቅጠል በእስያ ሱቆች ይሸጣል፣ እሱን አጥበህ ከሥርም ከላይም አልብሰው። ዓርብ ጠዋት ጋግረህ በጨርቅ ጠቅልለህ መኪና ውስጥ ያዝ። ለሃምሳ ሰው ሁለት ትልልቅ ዳቦ ይበቃል። ሦስት አድርገው፣ የሚመጣው አይታወቅም።